የውክልናቸውን ልክ ያወቁት ሐኪም፦ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የዩኒቨርሲቲ ውሳኔ

የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ፖለቲካው ነው። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪነታቸው፣ እስራታቸው፣ በመጨረሻም በሰው አገር መሞታቸው። የሚወዷቸው ሰማዕት ይሏቸዋል። የማይስማሙባቸው ደግሞ ሙግቱን ከድርጅታቸው ስም ይጀምራሉ። እኔ ዛሬ ወደዚያ ሙግት አልገባም። ላነሣ የፈለግኩት ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉትን ነገር ነው፤ አሥራት ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ይወስናል? በማን ውክልና? በየትኛው ሥርዓት? የአሥራት ሕይወት እነዚህን ጥያቄዎች ሁለት ጊዜ ፊት ለፊታችን አምጥቷቸዋል። በ1983 ዓ.ም. ጥያቄውን ያነሡት እሳቸው ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ጥያቄው የተነሣው በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ በተወሰነው ውሳኔ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ካልሆነ እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ለምን ዛሬ ይነሣል ለሚል አንባቢ መልሱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሌሎችም እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝነት በወረቀት ላይ ጥሩ ቃል ነው። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ግን ይህ ነፃነት ሳይኖር ምን እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከየካቲት 12 እስከ ኤድንብራ

አሥራት የተወለዱት በሰኔ 1920 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ልጅነታቸው ግን ድሬዳዋ አለፈ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ ተገደሉ። አያታቸው ቀኛዝማች ጽጌ ወረደወርቅ ደግሞ ወደ ኢጣሊያ በግዞት ተወሰዱ። የዚያ ትውልድ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ያለ ክስና ያለ ምርመራ ሰው ከቤቱ ሲወሰድ ምን እንደሚመስል አሥራት በመጽሐፍ አልተማሩትም።

ከነፃነት በኋላ አዲስ አበባ ተመልሰው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። እኛ ካናዳ የምንኖር ሰዎች ስለዚህ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ብናውቅ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1945 ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቱን ከኩቤክ ለመጡ የጀስዊት ማኅበር መምህራን ሰጡት። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሉሲየን ማት ይባላሉ። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቁመው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች እንመጣለን፤ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ኮሌጅ አስተዳደር የዘረጋው ግን ከካናዳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ነበር።

ያ አስተዳደር ሲጀመር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር። ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው፤ ኮሌጁን በየቀኑ የሚመሩት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ለጀማሪ ተቋም ይህ ላይገርም ይችላል። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ዘውዱ ሲወርድ ከላይ የሚወሰንበት ልማድ አብሮ አልወረደም።

ወጣቱ አሥራት ግን ኮሌጁ ሲከፈት አገር ውስጥ አልነበሩም። ለትምህርት ወደ ግብፅ ተልከው በአሌክሳንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረዋል። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሠሩ፤ የዛሬው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ማለት ነው። እንደገና ወደ ኤድንብራ ሄደው በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ፤ የኤድንብራ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ አባልነትንም አገኙ። በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ተብለው የሚታወቁት በዚህ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው እዚያው መቅረት ይችል ነበር። እሳቸው ሁለቱንም ጊዜ ተመለሱ።

ዲኑ

አገራችን ሐኪም የምታገኘው ወይ ከውጭ በማምጣት ወይ ልጆቿን ወደ ውጭ በመላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሙሉ የሕክምና ፋኩልቲ የመጣው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ቆይተውም የፋኩልቲው የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ዲን ሆኑ። ጥቁር አንበሳ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ እንዲቆም ከደከሙት መካከልም ናቸው።

የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ቢሮ የክብር ወንበር ብቻ አይደለም። ስንት ተማሪ ይገባል? ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ? የትኛው ክፍል መምህር ይቀጠርለታል? ተማሪው ቢላዋ የሚይዘው መቼ ነው? እያንዳንዱ ውሳኔ የኋላ ኋላ አንድ በሽተኛ ላይ ያርፋል። ለባለሥልጣን ልጅ ብሎ ነጥብ የጨመረ ዲን ከአሥር ዓመት በኋላ የማያውቀውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ቀዶ ሕክምናም የራሱ ሥርዓት አለው። ሐኪሙ በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይቀድም። ሐሞት ሊያወጣ ገብቶ ደስ ስላለው ብቻ ሌላ አካል አይቆርጥም። በሽተኛ ሲሞት ደግሞ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ምን ተደረገ፣ ማን ወሰነ፣ ምን መደረግ ነበረበት ብለው ይነጋገራሉ። ፈቃድ፣ ወሰን፣ መዝገብ። አሥራት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ይህንን ነው። በኋላ በአደባባይ የቆሙባቸውን ቦታዎች ስመለከት ከዚህ የተለየ ምንም ነገር አላይም።

የመጀመሪያው አጋጣሚ የመጣው በነሐሴ 1967 ነው። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ሞቱ ብሎ ሲያስታውቅ፣ ሐኪማቸው የነበሩት አሥራት ያንን ማብራሪያ አልተቀበሉም። ያ ጊዜ ስድሳዎቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት በአንድ ሌሊት ከተረሸኑ ገና ዓመት ያልሞላው ጊዜ ነበር። አንድ ሐኪም ያላየውን የሞት ምክንያት አልፈርምም ማለቱ ሰላም ባለበት አገር ተራ የሥራ ግዴታ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ዩኒቨርሲቲውም በእነዚያ ዓመታት ራሱን ማስተዳደር አልቻለም። ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲበተን ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ከዚያ ከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቁሞ ውሳኔው ሁሉ ወደ መንግሥት ቢሮ ሄደ። ካድሬው ግቢ ገባ። በቀይ ሽብር ያለቀውን ተማሪና መምህር ሁላችንም ከየቤታችን ታሪክ እናውቀዋለን። አሥራት በዚያ ሁሉ መሐል እያከሙና እያስተማሩ ቆዩ።

ሰኔ 1983

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983፣ የሽግግር ጉባኤ ተጠራ። የተጋበዙት በአብዛኛው የፖለቲካ ድርጅቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተወካይ እንዲልክ ተጠየቀ፤ የተላኩት ፕሮፌሰር አሥራት ናቸው።

ጉባኤው ካሉት ጉዳዮች ትልቁ የኤርትራ ነበር። ሪፈረንደም ይካሄድ፣ ውጤቱም ይከበር የሚለው ሐሳብ ቀረበ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስሜት አንድ ዓይነት ነበር። አሥራት ብቻቸውን ተነሥተው ተቃወሙ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳቸው የመጡት ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ የላካቸው ማኅበረሰብ አገር ስለመክፈል እንዲወስኑ ሥልጣን አልሰጣቸውም። ሁለተኛ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሌላውም ሰው ቢሆን በሕዝብ አልተመረጠም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመወሰን ውክልና የለውም።

በኤርትራ ጉዳይ ከአሥራት ጋር መስማማት አያስፈልግም። ብዙ ሰው አይስማማም፤ ኤርትራውያን የሠላሳ ዓመት ትግላቸው በአዲስ አበባ ተወካዮች ፈቃድ ላይ አልቆመም ቢሉ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ጉባኤ ላይ ወንበር ሲሰጠው የመጀመሪያ ፈተናው ወንበሩን ከሚገባው በላይ ማስፋት ነው። ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠውን ድምፅ የራስ አድርጎ ማጨብጨብ ቀላል ነበር፤ ጥቅምም ነበረው። አሥራት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የወንበሩን ልክ ተናገሩ። ይህንን መወሰን የእኔ ሥልጣን አይደለም ማለት በአገራችን አስተዳደር ውስጥ እምብዛም የማይሰማ ዓረፍተ ነገር ነው።

ማስተርሴን በሠራሁበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት በተማሪ ወኪልነት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። በጣም የገረመኝ ነገር ሰብሳቢዋ በየስብሰባው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ የእኛ ኮሚቴ ሥልጣን አይደለም ብላ አጀንዳውን ወደሚመለከተው አካል መመለሷ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሥራ መሸሽ ይመስላል። ቆይቶ ግን ይገባሃል፤ ሁሉም በሥልጣኑ ልክ ሲቆም ነው የአንዱ ውሳኔ በሌላው ዘንድ የሚከበረው።

ደብዳቤው

ከጉባኤው ስድስት ወር በኋላ፣ በጥር 1984፣ መላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ተመሠረተ፤ አሥራት ሊቀመንበር ሆኑ። ማስተማራቸውንና ማከማቸውን አላቆሙም።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም ሰልፍ ወጡ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ሊገቡ ነበር። የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ፤ ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ታሰሩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ አለማየሁ ተፈራ ተነሡ፤ በቦታቸው ዶክተር ዱሪ መሐመድ ተሾሙ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1993 ደብዳቤዎቹ መጡ። ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። በሕዝብ ዘንድ 42ቱ መምህራን እየተባሉ ይጠራሉ። ፕሮፌሰር አሥራት ከመካከላቸው ነበሩ። ታዋቂው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዶክተር እሸቱ ጮሌም ነበሩበት። በኋላ ለዓመታት የታሰሩት የመምህራን ማኅበር መሪ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም እንዲሁ።

ዝርዝሩን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ዲፓርትመንት አልነበሩም፤ አንድ ዓይነት ትምህርት አላስተማሩም፤ የአንድ ፓርቲ አባላትም አልነበሩም። ሐኪም አለ፣ ኢኮኖሚስት አለ፣ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር አለ። አርባ የተለያየ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ዓይነት የማስተማር ድክመት ሊወድቅ አይችልም። ውሳኔው ስለ ማስተማር አልነበረም። በየመምህሩ ላይ ክስ አልተዘጋጀም፤ መልስ እንዲሰጡ አልተጠየቁም፤ ጉዳያቸው በዲፓርትመንታቸውም ሆነ በፋኩልቲያቸው ባልደረቦች አልታየም።

በሜይላንድ ሃይትስ፣ ከዲርፉት ትሬል በስተምሥራቅ ባለው ሰፈራችን፣ ቅዳሜ ቡና ላይ ይህ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚመጡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። ሁለቱም ከባድ ስለሆኑ ማለፍ አይገባም።

አንደኛው፣ አሥራት የፓርቲ መሪ ነበሩ፤ የፓርቲ መሪ በመንግሥት ደመወዝ እያስተማረ መንግሥትን ሊታገል ነው ወይ የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ያለው ጥያቄም ነው። ዩኒቨርሲቲው የፓርቲ አመራር የሆነ መምህር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይውሰድ የሚል ደንብ በሴኔት አውጥቶ ለሁሉም እኩል ተግባራዊ ማድረግ ይችል ነበር። በሌሎች አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያደርጉታል። እንዲህ ቢሆን አሥራት ወይ ፓርቲውን ወይ ክፍሉን ይመርጡ ነበር። የተደረገው ግን ደንብ ሳይወጣ ሰው ማውጣት ነው። ደግሞስ ፓርቲ ያልነበራቸው ሌሎቹስ በምን ተባረሩ?

ሁለተኛው፣ ንጉሡም ደርግም አባርረዋል፣ ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ የሚል ነው። ልክ ነው፤ አዲስ አይደለም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው። እያንዳንዱ መንግሥት ከቀዳሚው የወረሰው ቢሮና ማኅተም ብቻ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያስቸግር ከላይ ይወሰንበታል የሚለውን ልማድም ወርሷል።

አንድ መምህር በዊኒፔግ

ካናዳ ውስጥ የምንማርና የምንሠራ ሰዎች እዚህ አገር ያለውን የመምህራን ነፃነት ከሰማይ የወረደ አድርገን እናስበዋለን። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በዊኒፔግ ዩናይትድ ኮሌጅ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ውስጥ ሃሪ ክሮ የሚባል የታሪክ መምህር ለባልደረባው በጻፈው የግል ደብዳቤ ምክንያት ተባረረ። ደብዳቤው ኮሌጁን የሚተች ነበር፤ በምን መንገድ እንደሆነ ሳይታወቅ ርዕሰ ኮሌጁ እጅ ገባ።

የካናዳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሁለት ሰዎች መርምረው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ላከ። አንደኛው ኢኮኖሚስቱ ቨርነን ፋውክ፣ ሌላኛው በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ቦራ ላስኪን ናቸው። ሪፖርታቸው መምህሩ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ተገቢ ሥርዓት መባረሩን አሳየ። ከደርዘን በላይ ባልደረቦቹ አብረውት ለመውጣት ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ቋሚ መምህር ለማባረር ክስ መጻፍ፣ መልስ መስማት፣ ገለልተኛ አካል ማስቀመጥ እየተለመደ መጣ። አንድ ሰው ተባረረ፤ አንድ አገር ደንብ ጻፈ።

በአዲስ አበባ ከአርባ በላይ ተባረሩ። በቀጣዩ ምን ተጻፈ? ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያ በፊት በ1993 ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪ ማኅበራችን ይመለስ ብለው ተነሥተው አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ጥያቄው ያው ነበር። ግቢው የማን ነው?

ካናዳን ለማመስገን አይደለም ይህንን ያመጣሁት። እዚሁ አልበርታ እ.ኤ.አ. በ2019 የክልሉ መንግሥት የበርካታ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎችን የቦርድ አባላት በአንድ ጊዜ ቀይሯል፤ ብዙም ተተችቶበታል። መንግሥት እጁን መስደድ የትም አገር ይፈልጋል። ልዩነቱ እጁ የሚደርስበት ወሰን ነው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1966 ከአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን ከቻለ ወዲህ ገንዘቡንና ንብረቱን ቦርድ፣ የትምህርቱን ጉዳይ ደግሞ በብዛት መምህራንና ተማሪዎች ያሉበት ጉባኤ ይመለከታል። ቦርዱ ቢቀየርም አዲሱ ቦርድ ነገ ጠዋት አርባ ፕሮፌሰር በደብዳቤ ማሰናበት አይችልም። በመካከል የቆመ ሥርዓት አለ።

በእኛ ሙያ ይህንን የሚያስረዳ ቀላል ነገር አለ። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዋናው ኮድ ላይ ለውጥ ለማስገባት ሌላ ሰው አይቶ መፍቀድ አለበት፤ ማን ምን ጊዜ ምን እንደቀየረ መዝገብ ይይዛል፤ ለውጡ ችግር ካመጣ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ሁሉን የሚችል የአድሚን ይለፍ ቃል የያዘው ሰው ጥሩ ሰው ስለሆነ ብቻ ይህ ሥርዓት አይነሣም። የጥሩ ሰው ይለፍ ቃል ነገ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። የዩኒቨርሲቲያችን የይለፍ ቃል ከቤተ መንግሥት ወደ ደርግ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቢሮ ተላለፈ እንጂ ሲቀየር አልታየም።

ከእስር እስከ ፊላዴልፊያ

ከዩኒቨርሲቲ የወጡት አሥራት በፖለቲካው ቀጠሉ። በ1986 ታሰሩ። ተፈረደባቸው፤ በእስር ላይ ሳሉ ሌላ ክስና ሌላ ፍርድ ተጨመረ። ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። የልብ ሕመም ነበረባቸው። ያስተማሯቸው ሐኪሞች በመላ አገሪቱና በመላው ዓለም ተበትነው ሳለ መምህራቸው ሕክምና የሚያገኙት በእስር ቤት ፈቃድ ነበር። ሁኔታቸው በጣም ከከፋ በኋላ ታኅሣሥ 18 ቀን 1991 ተፈተው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄዱ። ግንቦት 6 ቀን 1991 በፊላዴልፊያ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር።

ኪሳራው የእሳቸው ብቻ አልነበረም። አንድ ቀዶ ሐኪም ለማስተማር ብዙ ዓመት ይፈጃል። መምህሩ በአንድ ደብዳቤ ሲሄድ ሊያስተምራቸው የነበሩት ሁሉ አብረው ይጎድላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ለቀሩት የተላለፈው ትምህርት ነው። አሥራት ወልደየስን ያህል ሰው፣ እሸቱ ጮሌን ያህል ሰው በዚህ መልክ ከተሰናበተ፣ ትናንት የተቀጠረ ረዳት ሌክቸረር ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው ምን ይዞ ነው? ዝምታ ደንብ ሆኖ አይጻፍም፤ ይለመዳል። ብዙዎቻችን ለማስተርስ ወጥተን ያልተመለስንበትን ምክንያት ስንዘረዝር ደመወዙን እናስቀድማለን። ትንሽ ቆይተን ስናወራ ግን ነገሩ እዚህ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ ስትሠራ በአንተ ላይ የሚወሰነውን ነገር ማን እንደሚወስነው አታውቅም።

ዛሬስ?

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በአሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ለእስር ካበቋቸው ክሶች አንዱ በዚያችው ከተማ ካደረጉት ንግግር ጋር የተያያዘ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደስ ይላል። ነገር ግን በሰው ስም ሕንፃ መሰየም ቀላሉ ክብር ነው። ከባዱ፣ ያ ሰው የተባረረበትን መንገድ መዝጋት ነው።

ስለዚህ ራስ ገዝነት ሲባል ልንጠይቅ የሚገባን ጥቂት ግልጽ ነገሮች ናቸው። መምህር ሲሰናበት ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል ወይ? ባልደረቦቹ ያሉበት ኮሚቴ ይሰማዋል ወይ? ካልተስማማ ይግባኝ የሚልበት፣ አሳናባቹ ራሱ ያልተቀመጠበት አካል አለ ወይ? የቦርድና የሴኔት ቃለ ጉባኤ መምህሩና ተማሪው ሊያነበው በሚችል ቦታ ይቀመጣል ወይ? ፕሬዚዳንት ሲመረጥ መስፈርቱና ውጤቱ ይገለጻል ወይ? የነዚህ መልስ አይሆንም ከሆነ ራስ ገዝነቱ የሚቀይረው በጀቱን ብቻ ነው። ቀድሞ ከመንግሥት ቢሮ ይመጣ የነበረው ደብዳቤ ነገ ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይመጣል።

አንድ ሌላም አለ። የ1985ቱን ውሳኔ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሴኔቱ አማካይነት ከፍቶ ቢመረምረው ጥሩ ነው። ለካሣ ወይም ለበቀል አይደለም፤ ከተሰናበቱት ብዙዎቹ በሕይወት የሉም። በሽተኛ ሲሞት ሐኪሞች የሚያደርጉትን ለማድረግ ነው። ማን ወሰነ? በምን ሥልጣን? የትኛው ደንብ ተጣሰ? የትኛውስ ደንብ ጭራሽ አልነበረም? መልሱ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት ተመሳሳይ ደብዳቤ እንዲፈርም ሲታዘዝ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

እኛ ውጭ ያለነው ከዚህ ምን እናድርግ? በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን የምናስተምር፣ ቴሲስ የምናማክር፣ መጽሐፍና መሣሪያ የምንልክ ብዙ ነን። ይህ ሁሉ ግንኙነት ሲደረግ ከዲፓርትመንቱ ጋር ስምምነት እንፈርማለን። በዚያን ጊዜ ስለ መምህራን ቅጥርና ስንብት ያለውን ደንብ ብንጠይቅ ነውር የለውም። የሚረዳ ሰው መጠየቅም ይችላል። ደግሞም በየማኅበራችን፣ በየዕድራችን፣ በየቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤያችን ይህንኑ ሥርዓት መለማመድ አለብን። ሰብሳቢው ብቻውን የሚወስንበትን፣ ቃለ ጉባኤ የማይነበብበትን፣ የተቃወመ አባል ከስልክ ቡድኑ የሚወጣበትን ማኅበር ይዘን ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብንጽፍ ማንም አይሰማንም።

አሥራት ወልደየስ ትልቅ ሥልጣን ይዘው አያውቁም፤ ሚኒስትርም አልሆኑም። በ1983 ጉባኤ ላይ የነበራቸው አንድ የተወካይ ወንበር ብቻ ነበር። ያንን ወንበር በልኩ ተቀመጡበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ልኩን በማያውቅ ሥልጣን ተሰናበቱ። የትኛው እንዲወረስ እንደምንፈልግ የምንወስነው ዛሬ በየተቋሞቻችን በምንጽፈው ደንብና በምንፈርመው ደብዳቤ ነው።